ፀሐይ በማይገባበት ቤት ተክል ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። ከሳሎኔ መስኮት ፊት ለፊት፣ ስምንት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የሌላ ብሎክ ግድግዳ ቆሟል። ፀሐይ በቀጥታ የማገኘው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ እሱም የመስኮቱን ደፍ ነክቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እዚህ ቤት ውስጥ 11 ዓመት ተክል አሳድጌአለሁ። ላለፉት 6 ዓመታት ደግሞ እንጀራዬ በየሰው ቤትና ቢሮ እየዞርኩ ተክል መንከባከብ ሆኗል።

ጀሞ ብሄድ፣ የካ አባዶ ብሄድ፣ ጎሮ ብሄድ፣ የምገባበት ቤት ከእኔ ቤት ብዙም አይለይም። ስህተቱም እንደዚያው ነው። ከአንዱ ቤት ወጥቼ ሌላው ስገባ ያንኑ ስለምደግም፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

በየቀኑ ማጠጣት

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ስልክ ደውለው ጠሩኝ። ሳሎናቸው ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ያመጣችላቸው ፒስ ሊሊ፣ ያቺ ነጭ አበባ የምታወጣው የቤት ተክል፣ አለች። ቅጠሎቿ ሁሉ በፖቱ ዙሪያ ተዘርረዋል። "ልጄ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩባትም" አሉኝ። "ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ መጀመሪያ የማጠጣው እሷን ነው። ሰሞኑን ስትዝለፈለፍብኝ ጊዜ ማታም ጨመርኩላት።"

አፈሩን በጣቴ ጫን ሳደርገው ውሃ አቀረረ። ፖቱን አጋድሜ ተክሏን ከነአፈሯ ሳወጣት ክፍሉን የረግረግ ሽታ ሞላው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ፣ ሲይዙት ጠንከር የሚል ነው። ያ ግን ቡናማ ሆኖ ልሟል። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ላዩ እንደ ካልሲ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፤ ከውስጡ የተረፈው ቀጭን ክር ብቻ ነበር። እናታችን አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "እኔው ነኛ የገደልኳት?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ መቁጠር ትቻለሁ። ሁልጊዜም የሚጠይቀኝ ተክሉን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ግድ የሌለው ሰው ቤት ያለ ሳንሴቬሪያ፣ ያ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ተክል፣ ተረስቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ በሕይወት አለ። የሚበሰብሰው የሚወደደው ተክል ነው። ይህ ነገር ስለሚያናድደኝ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት።

ለተክል ምግቡ ብርሃን ነው። ቅጠሉ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ውሃም ከሥር ወደ ላይ የሚስበው በዚያው ልክ ነው። ብርሃን ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ጥማት የለም። ደጅ ላይ በሁለት ቀን የሚደርቅ አፈር ሳሎን ጥግ ላይ ሦስት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ውሃ ከወሰደበት ይታፈናል፣ ይሞታል፣ ይበሰብሳል። የሞተ ሥር ውሃ አይስብም፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ እንደተጠማ ይረግባል። ባለቤቱ ያንን ያይና ያዝናል፣ ሌላ ኩባያ ይጨምራል። ብዙ ሰው "ቤቴ ጨለማ ስለሆነ ተክል አይበረክትልኝም" ይላል። እኔ ካወጣኋቸው የሞቱ ተክሎች አብዛኞቹን የገደላቸው የብርሃኑን ጉድለት በውሃ ለመካስ የተደረገ ሙከራ ነው።

የሚሸጡ ሰዎችም በዚህ ይጠየቃሉ። "በሳምንት ሁለቴ አጠጪው" ብለው ይሸጣሉ። ተክሉ የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ በቀን ቆጥሮ ውሃ ማዘዝ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት መጻፍ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ሳፋው ይሞላና የተረፈው ለተክሎቹ ይታደላል። ተክሉ ተጠምቶ እንደሆነ ያየ ሰው የለም።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ጣቴን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። ቅዝቃዜና እርጥበት ከተሰማኝ እተወዋለሁ። ለትልቅ ፖት ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰድጄ ጥቂት ቆይቼ አወጣዋለሁ፤ አፈር ከተጣበቀበት ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ትንንሹን ፖት አንስቼ እመዝነዋለሁ፤ የደረቀ ፖት ቅለቱ ወዲያው ይታወቃል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እጃችሁ ይለምደዋል። ሳጠጣ ግን ጠብታ አላደርግም፤ ከታች እስኪወርድ አጠጣና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። ክረምት ላይ ዚዚ ፕላንቴን በአምስት ስድስት ሳምንት አንዴ ነው የማጠጣው። ከአፈሩ ሥር ድንች የመሰለ ውሃ የሚያከማች ግንድ አለው፤ ቢቆይበትም ግድ የለውም።

የእናታችን ፒስ ሊሊ ሦስት ነጭ ሥር የቀረው አንድ ቀንበጥ ተገኘባት። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጬ፣ ቀንበጡን ትንሽ ፖት ውስጥ ተክዬ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። አሁን አምስት ቅጠል አላት።

ቀዳዳ የሌለው ፖት

ሥሩ ቀዳዳ ከሌለው አትትከሉበት። የሚያምረውን የሸክላ ወይም የሴራሚክ ፖት ከወደዳችሁት ተክሉን በተገዛበት ፕላስቲክ እንዳለ አስገቡት፤ ለማጠጣት አውጡት፣ ውሃው ሲጠነፈፍ መልሱት።

"ከታች ጠጠር አድርጌበታለሁ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም። ስፖንጅ ውሃ ነክራችሁ አንጠልጥሉት፤ መንጠባጠቡ ካቆመ በኋላ የታችኛውን ጫፍ ጨምቁት፣ ገና ውሃ አለበት። አፈርም እንደዚያው ነው፤ ከሥሩ የተወሰነ ውፍረት ያለው ክፍል ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ወደ ጠጠሩም በቀላሉ አይወርድም። ጠጠሩ ያንን እርጥብ ክፍል ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። አየር እንዲገባ ከፈለጋችሁ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ደባልቁት። እኔ የምጠቀመው ለግንባታ የሚሸጠውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሬድ አሽ የሚባለውን ነው፤ በወንፊት ነፍቼ ደቃቁን አስወግዳለሁ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክለውን ብቻ አስቀራለሁ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ። ጥቁር መረሬ አፈር ግን ቤት ውስጥ አታስገቡ፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

"ጥላ ይወዳል" ሲባል "ጨለማ ይወዳል" ብሎ መስማት

አንድ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮት የሚባል ነገር በሌለው መታጠቢያ ቤት፣ ሳንሴቬሪያ አስቀምጠው አሳዩኝ። "ይኸው ስምንት ወሩ፣ ምንም አልሆነም" አሉኝ። እውነት ነው፣ አልሞተም። አዲስ ቅጠልም ግን አላወጣም። ወፍራም ቅጠሉ ስንቅ አለው፤ ስምንት ወር ሙሉ ስንቁን እየበላ ነበር። በዓመት ከመንፈቁ ቅጠሎቹ ከሥራቸው ለስልሰው አንድ በአንድ ወደቁ። እንዲህ ያለውን ተክል "ጠንካራ ነው" ብለን ስናሞግሰው ረሃቡን አናይለትም። ተክል አይጮህም፤ ለዚህም ነው እኛ ማየት ያለብን።

ጥላ ማለት ምን እንደሆነ ከጫካው እንማር። ለቢሮ የምንገዛው ድራሴና ዘመዶቹ ካፋ፣ ሸካና ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ከቡናው ጋር፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅሉ ናቸው። ጥላ ውስጥ ነው ያሉት። ግን ከላያቸው ሰማይ አለ፤ ብርሃን በቅጠል መሐል እየሾለከ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከየአቅጣጫው ይደርሳቸዋል። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ደጅ ላይ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ከመቶ ሁለት እጁ ብቻ ቢደርሰው ራሱ 2,000 ሉክስ ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ስልክ ላይ በሚጫን መለኪያ በቀትር የራሴን ሳሎን ስለካው መስኮቱ ደፍ ላይ 2,000 ገደማ አገኛለሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ 300። ሶፋው ጀርባ ያለው ጥግ 40። የእኔ መስኮት ደፍ የጫካው ጥላ ነው ማለት ነው። ሶፋው ጀርባ ያለውን ግን ጫካ ውስጥ አታገኙትም።

ዓይናችን ያታልለናል። ጨለማ ውስጥ ሲገባ ይሰፋል፣ ብርሃን ውስጥ ሲገባ ይጠብባል፤ ለእሱ 300ውም 2,000ውም "ደህና ብርሃን ነው"። ስልኩን ካላመናችሁት ቀን ላይ መብራት አጥፉና ተክሉ ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። መዳፋችሁን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉበት። የጣቶቻችሁ ጥላ ለይቶ ከታየ ለብዙ ተክል ይበቃል። ጥላው ደብዝዞ ቅርጹ ብቻ ከታየ ለፖቶስ (ለተንጠልጣዩ ሐረግ)፣ ለዚዚና ለሳንሴቬሪያ ይሆናል። ጥላ ከሌለ እዚያ ቦታ ላይ ተክል አታስቀምጡ፤ ሥዕል ስቀሉበት።

ተክሉ ራሱም ይናገራል። አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው እያነሰ ከመጣ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንድ እየረዘመ ከሄደ፣ ነጭና ቢጫ የነበረው ጌጥ ጠፍቶ ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ፣ ብርሃን ፍለጋ ላይ ነው። አንድ ሜትር ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አንድ ሜትር ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ወፍራሙን መጋረጃ ክፈቱት። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ውሎ "ቤቴ ጨለማ ነው" ማለት አይሆንም። መስታወቱንም በሁለቱም በኩል እጠቡት፤ መንገድ ዳር ያለ ቤት መስታወት በበጋ አቧራ ምን ያህል እንደሚሸፈን የምታውቁት ካጠባችሁት በኋላ ነው።

የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ያለውን አቅጣጫና ወር እንዳለ መውሰድ

"ደቡብ ያለ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ብርሃን አለው፣ ሰሜን ያለው ጨለማ ነው" ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትሄደው በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ ላይ ደመና በሌለበት ቀን በቀትር ደጅ ቆማችሁ ጥላችሁን እዩት፤ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ደቡብ ያለው መስኮታችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ሰኔ ላይ ግን ቀጥታ ፀሐይ አያይም። ሰሜን ያለው መስኮት ተራው ሚያዝያ ላይ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜውን ግን ደመናው ይወስድበታል። ምሥራቅና ምዕራብ ያሉት ናቸው ዓመቱን ሙሉ የማያሳፍሩት።

ወሩም እንዲሁ ነው። ስዊድን የምትኖር እህቴ ታኅሣሥ ላይ ውሃ ትቀንሳለች፣ ማዳበሪያ ታቆማለች፤ ስቶክሆልም በዚያ ወር ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና ልክ ናት። እኛ ጋ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። የእኛ ጨለማ ወር ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ከደመናው የተነሳ። ውሃ የሚቀነሰው ያኔ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ደርቆ፣ ተክሉ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይጠማል። ሌሊቱ ስለሚበርድ ብቻ ቅጠሉ መስታወት ተደግፎ እንዳያድር ገለል አድርጉት።

ጤና አዳም፣ በሶብላና ቁልቋል ሳሎን ውስጥ

አይሆንም። ሦስቱም የፀሐይ ልጆች ናቸው።

ጤና አዳም ላይ ስንቱ እንደሚያዝን አውቃለሁ፤ ለቡናው አንዲት ዘለላ ከእጅ አይታጣ ብሎ ነው ሰው ቤቱ ውስጥ የሚተክለው። እኔም አራት ጊዜ ሞክሬ አራቴም ገድያለሁ። መንምኖ ይረዝማል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ከዚያ ይደርቃል። አሁን ያለኝ አምስተኛው ላይኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ በጎረቤቴ ፈቃድ፣ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ለሁለታችንም ቡና ይበቃል።

የቡና አተላ ፖት ውስጥ መድፋት

በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ የጀበናው አተላ ቅርብ ወዳለው ፖት ይሄዳል። "ማዳበሪያ ነው" ይባላል። ጓሮ ላይ ጽጌረዳ ሥር ቢሆን ትሉም ነፍሳቱም ይበሉታል፣ ከአፈሩ ጋር ይዋሃዳል። ቤት ውስጥ ያለ ፖት ግን ያ ሁሉ ፍጥረት የለበትም። አተላው ላዩ ላይ ተጋግሮ ይቀመጣል፣ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፣ አየር ይዘጋል።

ከዚያ እነዚያ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይመጣሉ፤ ፖቱን ነካ ስታደርጉት ብንን ብለው ፊታችሁ ላይ የሚዞሩት። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥብ አፈር ላይ ነው፤ እጫቸው ሻጋታውንና ቀጫጭኑን ሥር ይበላል። የቤት መርጫ እየነፉ መድከም አያስፈልግም። የላዩን አፈር አንድ ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት እስኪደርቅ ተዉት፣ ከዚያ የታጠበ አሸዋ አልብሱት። በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋሉ።

አንድ ቤት "ውሃ አቁመናል" እያሉኝ አፈሩ በየሳምንቱ እርጥብ ይሆንብኝ ነበር። ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ቡና ላይ ደረስኩና የሲኒው እጣቢ፣ ከነስኳሩ፣ ድራሴናው ላይ ሲደፋ በዓይኔ አየሁ። እጣቢም ውሃ ነው፤ ቁጠሩት።

ዩሪያ

ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ዓመት፣ ጓደኛዬ ቆርጣ የሰጠችኝ ሞንስቴራ አላድግ ሲለኝ፣ ከገጠር ከመጣ ዩሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ አፈሩ ላይ በተንኩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የተሠራው ለማሳ ነው። በሳምንቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ ዙሪያውን ቡናማ ሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግንዱ ጠቆረ። ጓደኛዬ ያንን ቁራጭ ያሳደገችው እናቷ ከተከሉት ነበር፤ እናቷ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ተክል የጎደለው ብርሃን ነበር። በጨለማ ቤት ያለ ተክል ዕድገቱን የሚወስነው የሚያገኘው ብርሃን ነው፤ ማዳበሪያ ስትጨምሩበት አይበላውም፣ አፈሩ ውስጥ ጨው ሆኖ ይከማችና ከሥሩ ውሃ ይነጥቃል። በዓመት ሁለቴ፣ ከመስከረም በኋላና መጋቢት ላይ፣ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ አድርጉለት። ለእንዲህ ያለ ቤት ይበቃዋል።

"ይስፋው" ብሎ ትልቅ ፖት ውስጥ መትከል

ትልቅ ፖት ማለት ሥር ያልደረሰበት ብዙ እርጥብ አፈር ማለት ነው። ከነበረበት በሁለት ጣት የሚሰፋ ይበቃል፤ እሱንም ሥሩ በታች በኩል መውጣት ሲጀምር።

ከችግኝ ጣቢያ በቀጥታ ወደ ጥግ

ፊከስ ገዝታችሁ ካመጣችሁ በአሥረኛው ቀን ወለሉ በቅጠል ከተሸፈነ አትደንግጡ፣ ሻጩንም አትርገሙ። ተክሉ ያደገው ወንዝ ዳር፣ መረብ ሥር፣ ከሳሎናችሁ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ብርሃን ነው። ቅጠሎቹ የተሠሩት ለዚያ ብርሃን ነው፤ አዲሱ ቤት ሊያኖራቸው ስለማይችል ይጥላቸዋል። ያኔ ነው ሰው ደንግጦ ውሃ የሚያበዛው፣ ፖት የሚቀይረው፣ ከክፍል ክፍል የሚያዞረው። ሦስቱንም አታድርጉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለ ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደሚፈለግበት ይሂድ።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። "ፀሐይ ይሙቅ" ተብሎ ከሳሎን ተነስቶ ቀትር ላይ ደጅ የወጣ ፒስ ሊሊ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቃጠላል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ፀሐይ ናት። የተቃጠለው ቅጠል ደግሞ ነጥቶ ይቀራል፣ አያገግምም።

አቧራና ዘይት

ቅጠል ላይ ያለ አቧራ መጋረጃ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ፣ በአንድ እጃችሁ ቅጠሉን ከሥር ደግፋችሁ፣ ጥረጉት። ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ጨርቁ ምን ይዞ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ስትጠርጉ ጀርባውንም እዩት፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነው፣ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ አንሱት።

እንዲያብረቀርቅ ብሎ ዘይት፣ ወተት ወይም ቫዝሊን መቀባት ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። በውሃ ብቻ።

አምፖሉን ጣሪያ ላይ ትቶ ተስፋ ማድረግ

ብርሃን በጭራሽ የሌለበት ቤት ያላችሁ፣ መብራት ይሠራል። ልዩ ሐምራዊ አምፖል አያስፈልግም፤ ከሱቅ የሚገዛው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ፖቶስንና ፒስ ሊሊን ያሳድጋል። ስህተቱ ርቀቱ ላይ ነው። ከአምፖሉ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ያለው አምፖል ለእናንተ ነው፣ ለተክሉ ምንም አይደለም። ክላምፕ ያለው የጠረጴዛ መብራት ገዝታችሁ 15 ዋት አምፖል አድርጉበት፣ ከቅጠሉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁሙት፣ በቀን 12 ሰዓት ይብራ። በወር 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው። ታይመር ያለው ሶኬት ካገኛችሁ እሰየው፤ እኔ ጠዋት ስወጣ አበራዋለሁ፣ ማታ ስተኛ አጠፋዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አታብሩት። መብራት አንድ ሁለት ቀን ቢጠፋም አትጨነቁ፣ ተክሉ ይታገሣል። የድሮውን ቢጫ የሚግል አምፖል ግን ቅርብ አታድርጉ፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ልጅ ባለበት ቤት ዲፈንባኪያ ወለል ላይ

ትልልቅ፣ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት ቅጠል ያለው ነው፤ ጥላ ስለሚችል በየቤቱ አለ። ፈሳሹ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉበት። ልጅ ቢያኝከው አፉንና ምላሱን ያቃጥለዋል፣ ያሳብጠዋል፤ ለመዋጥና ለመተንፈስም ሊያስቸግረው ይችላል። ፖቶስም ፒስ ሊሊም ይህ ነገር አለባቸው። እጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሏቸው፤ ስትቆርጡ ቆይታችሁ ዓይናችሁን አትሹ።

ተክሉ አየሩን ያጠራልኛል ማለት

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) ጥናት የተሠራው በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቤት ሳጥን አይደለም። አንድ ደንበኛዬ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አምስት ሳንሴቬሪያ አድርገው፣ "እነሱ ያጠሩልኛል" ብለው፣ ብርድ በሆነ ሌሊት ከሰል ያቀጣጠለ ማንደጃ ሲያስገቡ አየሁ። በሩን ከፍቼ ማንደጃውን ራሴ አወጣሁት። የከሰል ጭስ የሚገድለው ሽታም መልክም በሌለው ጋዝ ነው፤ አምስት አይደለም አምሳ ተክል አያድናችሁም። መስኮት ክፈቱ።

"ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይሻማል" ብላችሁ በየማታው ከመኝታ ቤት የምታወጡም፣ ተዉት ይደር። የሚወስደው እጅግ ትንሽ ነው፤ አጠገባችሁ የተኛው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለአንድ ቦታ አንድ ተክል ብቻ መያዝ

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው ጥግ ባዶ መሆኑ የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ተክል ግዙ። እኔ ሁለት ፖቶስ አለኝ፣ ከአንድ እናት የተቆረጡ። አንደኛው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ሲበላ፣ ሌላው ጥጉን ያስውባል፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ይቀያየራሉ። ስቀያይራቸው ቅጠላቸውን እጠርጋለሁ፣ ፖታቸውን አንስቼ እመዝናለሁ፣ ከቀለለኝ አጠጣለሁ። ዛሬ ስመዝናቸው የመስኮቱ ቀሎኝ ጠጣ፤ የጥጉ ገና ከባድ ነበር፣ ሳላጠጣው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።